የመጨረሻው የቅርጫት ቄስ

ኮርቻ ሰፊው አክስቱ የተናገረችውን ሲሰማ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ አሮጊቷ ጃጅታለች የሚል ነበር። ደግ ሰው ነውና እንዲያ ብሎ ማሰቡ ወዲያው አሳፈረው። እጁን ታጥቦ፣ ነጩን ልብስ ደርቦ፣ ባለቤቱ ወደተኛችበት ክፍል ሊገባ ሲል ነው ከጓሮ በኩል የጠራችው። ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ገና የግቢውን ግንብ አልዘለለችም።

"እስቲ ድገሚው" አላት።

"ምኑን ልድገመው? ሰምተኸኛል። ጳጳሱ እጁን የጫነው ባንተ ላይ አልነበረም።"

"በማን ላይ ነው ታዲያ?"

አክስቱ ጭኗ ላይ ካስቀመጠችው ሰፌድ ምስር እየለቀመች ነበር። ጣቶቿ አላቆሙም። "በቀለም ነካሪዋ ላይ" አለች።

ኮርቻ ሰፊው ክው አለ። ሊቀመጥ ፈልጎ መቀመጫ አጣና በበሩ ደፍ ላይ ዘፍ አለ። እናንተም ብትሆኑ ትቀመጡ ነበር።

ነገሩ እንዲገባን ስልሳ ሁለት ዓመት ወደኋላ መመለስ ይኖርብናል። የዚያች ከተማ ክርስቲያኖች ጳጳስ የሚቀመጠው የዐሥር ወር መንገድ ርቆ ነው። በደጉ ዘመን፣ የኮርቻ ሰፊው ቅድመ አያት ጎረምሳ በነበረበት ጊዜ፣ ከከተማዋ በር ተነሥቶ እስከ አሸዋው ጫፍ የሚጓዝ ነጋዴ በየማደሪያው የቤተ ክርስቲያን ደወል ሳይሰማ አያድርም ነበር ይባላል። እምነቱ የመጣው ከነጋዴ ጭነት ጋር ነው፤ ከጨውና ከሐር ጎን፣ ያለ ጦር፣ ያለ ጡሩምባ። የሄደውም እንዲያው ነው። መንገዱ በጦርነት ሲቆረጥ ጳጳስ መምጣት ተወ፤ ጳጳስ ሲጠፋ ቄስ የሚሾም ጠፋ፤ ቄስ ሲጠፋ ደግሞ ሰዉ ልጁን ማን እንደሚያጠምቅለት ግራና ቀኝ ማየት ጀመረ። የገዢው ሃይማኖት እዚያው አጠገቡ ነበር፤ በሩ ክፍት፣ ሰዎቹም ጎረቤትና አማች።

ጳጳስ በሃምሳ ወይም በስልሳ ዓመት አንዴ ብቅ የሚል ከሆነ ሰው መላ መፈለጉ አይቀርም። ያገኙት መላ ይህ ነበር፦ ጳጳሱ በመጣ ቀን በከተማው ያለ ወንድ ሁሉ፣ ከሽማግሌ እስከ ጡት ጠቢ፣ አንድ ላይ ይሾማል። ጡት ጠቢዎቹ በቅርጫት ተደርገው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይደረደራሉ፤ ጳጳሱም በመካከላቸው እያለፈ በየግንባራቸው እጁን ይጭናል። ትምህርቱን ሲያድጉ ይማሩታል፤ ሹመቱ ግን ለክፉ ቀን እንደሚቀመጥ ዘር ቀድሞ ተቀምጦላቸዋል። "የቅርጫት ቄሶች" ይሏቸው ነበር። ያኔ የመጣው ጳጳስ አራት መቶ ቅርጫት ባርኮ ሄደ። ከእሱ ወዲህ ሌላ አልመጣም።

ከአራት መቶው ገሚሱን ወረርሽኝ ወሰደው፣ ጥቂቱን ጦርነት፣ የተረፈው ደግሞ አንድ በአንድ ወደ ገዢው ሃይማኖት ዞረ። ሰባት ዓመት ሆነው፤ የቀረው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ኮርቻ ሰፊው። ሳምንቱን ሙሉ ቆዳ በወስፌ ሲበሳ፣ በጅማት ሲጠቅም ይሰነብትና በሰንበት ልብሱን ለውጦ ለዐሥራ አንድ ቤተሰብ ይቀድሳል። "አባ ወስፌ" ይሉታል፤ ፊት ለፊት ነው የሚሉት፣ እሱም "አቤት" ይላል። ያ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሐሙስ የቀረው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ያችን አንዲት ሐሙስ ደግፎ የያዛት ሰው ግን እሱ ነበር። ወይም መሰላቸው።

"የአርባ ቀን ልጅ ነበርክ" አለች አክስቱ። "ትኩሳት ይዞህ ሰውነትህ እንደ ምድጃ ይፋጃል። እናትህ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ይዛህ ብትወጣ ትሞታለህ። እንዳትቀር ደግሞ፣ አባትህ ቅርጫቱን በገዛ እጁ ሠርቶ ለሰፈር ሁሉ አውርቷል። እሱ ከነጋዴዎቹ ጋር መንገድ ላይ ነበር። ሲመለስ 'ልጄ ተሾመልኝ?' ማለቱ ይቀራል? የነካሪዋ እናት ከአጥራችን ማዶ ነበረች፤ ያንተ እኩያ ሴት ልጅ ነበረቻት። አዋሰችን።"

"አዋሰቻችሁ? ልጅ ይዋሳል?"

"ለግማሽ ቀን ነው እኮ! እስከ አፍንጫዋ ጠቅልለናት እኔ ተሸከምኳት። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የተባልኩትን ነው ያደረግኩት። ጳጳሱ የሚያየው ግንባር ነው፤ ግንባር ደግሞ የወንድና የሴት የለውም።"

"እና እኔስ? እኔን ምን ልታደርጉኝ አስባችሁ ነበር?"

አሮጊቷ ምስሩን ትታ ቀና አለች። "በሁለት ዓመት እመለሳለሁ ብሎን ነበር እኮ ጳጳሱ። ሲመለስ አንተን ደግሞ እናስባርካለን አልን። ጠበቅነው። እናትህ እስክትሞት ድረስ ጠብቃዋለች።"

ኮርቻ ሰፊው እጆቹን ገልብጦ አያቸው። መዳፉ በወስፌ የተበሳሳ፣ ጠርዙ እንደ ሶል የደነደነ እጅ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚህ እጅ አጥምቋል፣ አጋብቷል፣ ኑዛዜ ሰምቶ ፈትቷል፣ ሙታንን ሸኝቷል። የገዛ ልጁን ያጠመቀው እሱ ነው። ያ ሁሉ ሰው ውሃ ብቻ ነበር እንዴ የነካው?

"ስልሳ ዓመት ዝም ብለሽ ኖረሽ ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?"

"ዛሬ የምታቆርበው ሚስትህን ነዋ!" አሮጊቷ ማልቀስ ጀመረች። "እንደ እናቷ ጦራኛለች። ከባዶ እጅ ተቀብላ ብትሄድ ፈጣሪ የሚጠይቀው እኔን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ምናለ ሳይጠራ ሞቼ በተገላገልኩ!"

ወደ ባለቤቱ ክፍል ገባ፤ ሌላ የሚገባበት አልነበረውም። ደረቷ ከታመመ ወራት አልፈዋል፤ ጋደም ማለት ትንፋሽ ስለሚያሳጥራት እሱ በሰፋላት ሁለት የኮርቻ ትራሶች ተደግፋ ነው የምትውለው። ሲነጋ ጠርታው "ዛሬ አቁርበኝ። ነገ እንዳትለኝ፣ ነገ የእኔ አይደለም" ብላዋለች። ልጃቸው ኅብስቱን በማለዳ ጋግራ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናዋለች። ጽዋው አጠገቡ ተቀምጧል። የሚጎድለው እሱ ብቻ ነበር።

"መጣህ?" አለችው።

"ትንሽ ታገሺኝ። አንድ ነገር ቀርቶኛል... ጽዋውን ልለውጠው ነው። ሌላውን ከቤተ ክርስቲያን ላምጣ።"

"ይሄኛው ምን ሆነ? ለስንቱ የበቃ ጽዋ ለእኔ አነሰኝ?" ሳቅ ብላ ሳሉ ያዛት። ልጃቸው ጀርባዋን ደግፋ እስኪያልፍላት ጠበቀች። "ሂድ እንግዲህ። ግን አትቆይ።"

ዋሻት። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ትዳራቸው ዋሽቷት አያውቅም አልልም፤ እንዲህ ባለው ቀን ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያወቀው መንገድ ላይ ነው። ከአልጋዋ አጠገብ ቆሞ ባዶ እጁን ሊዘረጋላት አይችልም፤ ሌላ ሰውን ቢያታልል እሷን ማታለል አይሆንለትም። እጅ የተጫነባት ሰው ካለች እሷን ይዞ ይመጣል። ይህን ሐሳብ ትናንት ሌላ ሰው ቢያቀርብለት ኖሮ አውግዞ ከደጁ ያባርረው ነበር። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፈ። ትልቁን አዳራሽ የገዢው ፈረሰኞች ድርቆሽ ሞልተውበታል፤ ለጸሎት የቀረችው የጎን ክፍሏ ናት። ደወል ደዋዩ ደጁን እየጠረገ ነበር፤ ደወሉ ከወረደ ዘመን ቢቆጠርም ስሙ አልወረደለትም።

"አባ ወስፌ! ባለቤትህ እንዴት አደረች?"

"ሂድና ከልጄ ጋር ቆይልኝ። መጣሁ በላቸው" አለና ሳይቆም አለፈ።

የነካሪዎቹ ሰፈር ከከተማው ግርጌ፣ ወንዙ ዳር ነው። ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። መሬት ውስጥ እስከ አንገታቸው የተቀበሩ ጋኖች በረድፍ ይታያሉ፤ ከበላያቸው በገመድ የተሰቀለው ጨርቅ ይንጠባጠባል። ጨርቁ ከጋኑ ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ዓይናችሁ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። ነካሪዋ በረጅም እንጨት እያማሰለች አገኛት። እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው፤ አፏ ምላጭ መሆኑን ደግሞ ከተማው በሙሉ ያውቃል።

"አባ ወስፌ! ምን እግር ጣለህ? ኮርቻ ልታስነክር ነው?"

ከየት እንደሚጀምር አላወቀም። "እናትሽ..." አለ። "እናትሽ ስለ ጳጳሱ የነገረችሽ ነገር ነበር?"

እንጨቱ ቆመ። ነካሪዋ ቀና ብላ አየችው። "አክስትህ ተናገረች ማለት ነው" አለች።

"ታውቂያለሽ?"

"ከዐሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ።"

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። ማገልገል በጀመረበት ዓመት በቅዳሴ መሃል ሻማ ወድቆ የመቅደሱ መጋረጃ በእሳት ተያያዘ። ወንዶቹ ውሃ ፍለጋ ሲራወጡ ይቺው ሴት ዘላ ገብታ መጋረጃውን ቦጭቃ አወረደችና ረጋግጣ አጠፋችው። ቤተ ክርስቲያኑ ተረፈ። እሱ ደግሞ፣ ወጣቱ ቄስ፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሴት መቅደስ ገብታለችና አንድ ዓመት ከበር ውጭ ቆማ ታስቀድስ ብሎ ፈረደባት። ፈረደባት! ዓመቱን ሙሉ በፀሐይና በዝናብ ቆመች።

"ያኔም ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር። በር ላይ ቆሜ ስትቀድስ እሰማህ ነበር። አንድ ሰንበት እንዲያውም አንዱን ጸሎት ዘለልከው። ልንገረው አልኩና ተውኩት።"

"ለምንድነው ያልተናገርሽው?"

"ለማን? ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ አንተን ያባርሩሃል እንጂ እኔን 'ነይ ቀድሺ' አይሉኝ። ሁላችንም ያለ ቄስ ልንቀር ነው። እናቴ ሆድ ይፍጀው አለችኝ፤ ፈጀው።"

ኮርቻ ሰፊው ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ የሚመጥን ቃል አላገኘም። የቀረው የመጣበት ጉዳይ ብቻ ነበር። "ሚስቴ እየሞተች ነው" አላት። "ዛሬ አቁርበኝ ብላለች። ኅብስቱ ቀርቧል። ነይና አንቺ ስጫት።"

ነካሪዋ ትስቃለች ብሎ ነበር፤ አልሳቀችም። እንጨቱን ጋኑ ላይ አጋድማ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ወደ ገዢው ሃይማኖት ከተሻገርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ታውቀዋለህ" አለች። "ልጆቼ ስለሄዱ ተጎትቼ የሄድኩ ይመስላችኋል። አይደለም፣ ልቤ ነው የሄደው። አሁን ጸሎቴ እዚያ ነው። ላንተ ብዬ በሁለት ቤት አልቆምም፤ ያንንም ይሄንንም መቀለጃ ማድረግ ነው።"

ያለችው ነገር እስኪገባው ጊዜ ወሰደ። ከከተማዋ በር እስከ አሸዋው ጫፍ እጅ የተጫነባት የመጨረሻዋ ሰው ይቺ ናት፤ እሷም ከሄደች ስድስት ዓመት አለፋት። ክህነት ከዚያ አገር የወጣው ያኔ ኖሯል፤ እነሱ ግን በየሰንበቱ እየተሰበሰቡ ይቆርቡ ነበር። ማንም አላለቀሰም፣ ማንም አልሸኘውም። በዚያ ቀን ምናልባት እሱ ኮርቻ እየሰፋ፣ ከደንበኛ ጋር እየተሟገተ ነበር።

"እንግዲያው እጅሽን ጫኚብኝ" አላት፤ ጋኖቹ መሃል ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

"ምን ሆነሃል አንተ! ተነሥ፣ ሰው ያያል።"

"ይይ። ጫኚብኝ።"

ቄስ ቄስን እንደማይሾም ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ለሌሎች ሲያስተምር ኖሯል። እሷም ብትሆን ከእምነቱ ወጥታለች። ከየትም በኩል ቢታይ ነገሩ አይሆንም። ግን ቤቱ የምትጠብቀው ሴት አለች፤ ባዶ እጁን ይዞ መመለስ አልቻለም።

"ምን ብዬ ልጫንብህ?"

"ጳጳሱ ምን እንዳለ ትዝ አይልሽም?"

"የአርባ ቀን ልጅ ነበርኩ እኮ፣ አንተ ሰው!" በሳቅ ፈነዳች፤ ከማዶ ጨርቅ የሚያሰጡት ሴቶች ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ዓይኑን አየችና ሳቋን ዋጠችው። ቀኝ እጇን ግንባሩ ላይ አሳረፈች። እጇ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ኮርቻ ሰፊው ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። ሙቀትም፣ ብርሃንም፣ ድምፅም አልመጣም፤ የወንዙ ፏፏታ ብቻ ይሰማ ነበር።

"በቃ?" አለችው።

"በቃ።"

"በል ሩጥ። ለእሷ ሰላም በልልኝ። ያን ዓመት በር ላይ ስቆም ውሃ ያመጣችልኝ እሷ ብቻ ነበረች። አዲስ ሙሽራ ሆና፣ አንተን ተደብቃ።"

ይህን ሚስቱ አንድ ቀን አልነገረችውም። ሲወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሩጫው የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ሩጫ ነው፤ ጥቂት እርምጃ ይሮጣል፣ ግድግዳ ይደገፋል፣ እንደገና ይሮጣል። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል፤ አህያና ሸክም እየገፋ፣ "አባ ወስፌ ምን ነካው?" የሚለውን ድምፅ ከኋላው እየተወ ወደ ላይ ወጣ። ስትቀበለው ምን እንደሚላት ያስብ ነበር። ሁሉንም ሊነግራት ቆርጧል። ካቆረባት በኋላ ግን።

የግቢው በር ክፍት ነበር። ልጁ በሩ ላይ ቆማለች። መጀመሪያ ያየችው ግንባሩ ላይ ያለውን ሰማያዊ የጣት አሻራ ነው፤ ከዚያ ባዶ እጁን አየች። ጽዋ አላመጣም።

"አባዬ፣ የት ነበርክ?"

"እናትሽ..."

መልሱን ያገኘው ከፊቷ ነው። አልፏት ገባ። ደወል ደዋዩ ቆቡን በእጁ ይዞ ጥግ ላይ ቆሟል። አክስቱ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣለች፤ ግንባሩን ስታይ የት ደርሶ እንደመጣ ገብቷት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ኅብስቱ እንደተሸፈነ ነው።

"ሦስት ጊዜ ጠየቀችህ" አለች ልጁ ከኋላው። "ትንፋሽ ሲያጥራት ደወል ደዋዩ 'በጭንቅ ጊዜ ይፈቀዳል፣ እኔ ላቀብልሽ' አላት። እሺ በይ እማዬ ብዬ ለመንኳት። እንቢ አለች። 'ከእሱ እጅ ካልሆነ አልቀበልም' አለች። 'ሌላ እጅ አላውቅም። ይመጣል' አለች። ከዚያ ዓይኗን በሩ ላይ አድርጋ ዝም አለች። አሁን ነው፤ ሙሉ ሰዓት እንኳ አልሆናትም።"

ኮርቻ ሰፊው አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ የሚስቱን ጉንጭ ነካ። ገና አልቀዘቀዘም። ሊናገር ሞከረና ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። ልጁ ደንግጣ ትከሻውን ያዘችው፤ ጥያቄዋን ግን አልተወችም።

"ንገረኝ እንጂ አባዬ" አለችው። "የት ነበርክ?"